ጠመኔ ያረፈበት ገጽ

ልብስ ሰፊዋ እሁድ ከሰዓት ሱቋን ዘግታም ሥራ አይጠፋትም። የዚያን ቀን የአንድ አስተናጋጅ ሱሪ ጫፍ እያሳጠረች ነበር። ሬዲዮው ከክር ጥቅሎቹ መሐል ተቀምጧል፤ ድምፁ ጆሮ ካልጣሉለት አይሰማም። ከመጋረጃው ጀርባ እናቷ አረፍ ብለዋል። ዛሬ የሚተላለፈውን ደግሞ እናቷ መስማት የለባቸውም።

«ዛሬ ለፍርድ የቀረበው» አለ የፕሮግራሙ አቅራቢ፣ «ሃያ ሁለት ዓመት የሞላው የቀባሪው አልበም ነው። ያኔ ካሴቱ እጃችን ሲገባ፣ ስለ ሬሳና ስለ ትል ራፕ የሚያደርግ ሰው አይተን አናውቅም ነበር። ሕጉን ታውቃላችሁ። ይቀመጥ ካላችሁ ወደ ኮምፒዩተር እንገለብጠዋለን። ይውጣ ካላችሁ ከነካርቶኑ ይሄዳል። ስልኩ ክፍት ነው።»

ልብስ ሰፊዋ መርፌውን ሱሪው ላይ ሰክታ ተወችው።

ቀባሪው ታናሽ ወንድሟ ነበር። ሥራው ድንጋይ መጥረብ ነው፤ የመቃብር ድንጋይ ላይ የሟቾችን ስም ይቀርጻል። ቅጽል ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ እሱም ወደደው። «ሰው ሁሉ ስሙን እኔ ዘንድ አስቀምጦ ነው የሚያልፈው» ይል ነበር፣ ፀጉሩ ላይ የድንጋይ ብናኝ እንደ ዱቄት ተነስንሶ። በምሳ ሰዓት ባልደረቦቹ ሲበሉ እሱ መዶሻውን በድንጋይ ላይ እየመታ ይቀዳል። በአልበሙ ውስጥ ሰው ሁሉ «የልብ ምት ነው»፣ «የሬሳ ሣጥን ሚስማር ነው» እያለ የሚከራከርበት ኳኳታ ያ ነው። ያው ብናኝ ሳንባው ውስጥ ገብቶ በሃያ ስድስት ዓመቱ ወሰደው። ካሴቱ ለሱቆች ከተበተነ ገና አሥራ አንድ ቀኑ ነበር።

የመጀመሪያው ደዋይ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። «እኔ ጀግና ነኝ ባይ ነበርኩ» አለ። «ያንን ካሴት ከፍቼ አንድ ቁልቁለት እስክወርድ የጋቢናውን በር ሁለት ጊዜ ቆልፌአለሁ። ከኋላዬ የጫንኩት ሲሚንቶ ነው፤ እኔ ግን ሬሳ የጫንኩ መሰለኝ። ይቀመጥ። ልጆቼም ይፍሩ እንጂ፣ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ የምፈራው?»

ልብስ ሰፊዋ ሳታስበው ፈገግ አለች።

ቀጥላ የደወለችው ነርስ ግን አልሳቀችም። «በሽተኛ ሞቶበት ያደረ አልጋ አንጥፌ የምኖር ሰው ነኝ» አለች። «ሞትን ለማታውቁት ጨዋታ ይሆናል። ትሉን፣ አጥንቱን ልቻለው። የመጨረሻውን ግን አልችለውም። ልጁ አልበሙን የሚዘጋው ‹ድፈኑኝ› ብሎ ነው። ያንን የሚሰሙ ተስፋ የቆረጡ ልጆች አሉ። ይውጣ።»

አቅራቢው ያንን መዝጊያ አጫወተው። የአካፋ ድምፅ፣ ከዚያ የመዶሻው ምት፣ ከዚያ የወንድሟ ጎርናና ድምፅ፦

*አካፋው ይምጣ፣ ጨምሩ አፈሩን፣*
*ድፈኑኝ፣ ልርሳው የላዩን አገሩን።*

ከዚያ በኋላ ስልኩ በአንድ ወገን አጋደለ። አንዷ «ሟርት ነው» አለች፤ ሌላው «ተናግሮ ያስመጣውን ሞት ለምን እንሰማለን» አለ፤ አንድ ሽማግሌ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ብለው ዘጉት። ሰባት ይውጣ፣ ሁለት ይቀመጥ ሆነ።

አንድ ጡረተኛ መምህር ብቻ ለየት አሉ። «እኔ በዚህ አልበም ላይ አሥራ ስምንት ገጽ ጥናት ጽፌአለሁ» አሉ። «ማንም አላነበበውም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ሰዎች የሚስቱት ነገር አለ። ታሪኩ ሟቹ ከመቃብር ወጥቶ ቤቱ በመግባት ይጀምርና መልሶ በመቀበር ያልቃል። ይህ ጥልቅ ፍልስፍና ነው። እንዲያውም የካሴቱ የመጀመሪያ ገጽ ሲያልቅ፣ በአልበሙ እኩሌታ ላይ፣ ‹በቃ አለቀ፣ ወደየቤታችሁ ሂዱ› ብሎ ይስቃል። እኩሌታ ላይ አለቀ ማለት ምን ማለት ነው? ይህን ለማብራራት ብቻ አራት ገጽ ፈጅቶብኛል።»

ልብስ ሰፊዋ ፊቷ ጋለ። ሃያ ሁለት ዓመት ይህን ዓረፍተ ነገር የሚናገር ሰው ስትፈራ ነው የኖረችው።

መጋረጃው ተገለጠ። እናቷ ነጠላ ጫማቸውን ግራና ቀኝ አቀያይረው ተጫምተው፣ ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል።

«የሱ ድምፅ ነው» አሉ።

«እማ፣ ተኝተሽ አልነበር እንዴ?»

«ልጄ ሲያወራ እተኛለሁ? ዝጊው።»

እጇን ወደ ሬዲዮው ሰደደችና ቁልፉ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ዝጊው እኮ ነው የምልሽ» አሉ እናቷ፣ ከልብስ መለኪያው በርጩማ ላይ ቀስ ብለው እየተቀመጡ። «በአፉ ጠርቶት መጣለት። የዚያን ሰሞን ጎረቤት ነግራኛለች፤ የመጨረሻ ቃሉ ‹ድፈኑኝ› ነው። እኔ ‹ልጄ ተወው፣ አታሟርት› ስለው ይስቅብኝ ነበር። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።»

እናቷ ከቀብሩ ወዲህ ያንን ካሴት አልሰሙም። የልጃቸውን ፎቶ ይስማሉ፤ ድምፁን ግን ይሸሻሉ። ይህን ያደረገችው ደግሞ እሷ ራሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሦስት መቶው ካሴት ከማባዣው ቤት ሲመጣ ርካሽ ስለነበረ ፊትና ጀርባውን የሚለይ ምንም ጽሑፍ የለበትም። ወንድሟ ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት በነበረው ቀን እያንዳንዱን እየከፈተ ሰምቶ፣ አልበሙ በሚጀምርበት ገጽ ላይ በጠመኔ ትንሽ መስቀለኛ ምልክት አደረገ። «ምልክቱን እያየሽ ወረቀቱን ለጥፊልኝ» አላት፤ ከዚያ በላይ ትንፋሽ አልነበረውም። ለድንጋይ ጠራቢ ጠመኔ የሚያርፈው በፊት ለፊቱ ላይ ነው፤ ስሙ የሚቀረጸው እዚያ ስለሆነ። ለልብስ ሰፊ ግን ጠመኔ የሚያርፈው በጨርቁ ጀርባ ነው፤ ፊቱን ማን ያቆሽሻል? እጇ ከአሥራ ሦስት ዓመቷ ጀምሮ የለመደው ይህንን ነው። ሳትጠይቅ፣ ሳትጠራጠር፣ ምልክት ያለበትን ሁሉ «ሁለተኛ» ብላ ለጠፈችና፣ ጨዋ ልብስ ሰፊ እንደሚያደርገው፣ ጠመኔውን በእርጥብ ጨርቅ አንድ በአንድ ጠርጋ አጠፋችው።

ከተቀበረ ከሦስት ሳምንት በኋላ ካሴቱን ስትሰማ፣ «በቃ አለቀ» የሚለው እኩሌታው ላይ ሲመጣ ገባት። ያን ጊዜ ካሴቱ በየሱቁ፣ በየመኪናው፣ በየሰው ኪስ ነበር። ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስትል ዝምታው ሲውል ሲያድር እንደ ሙጫ ደረቀ።

«ሁለት ደቂቃ ቀርቶናል» አለ አቅራቢው። «ሰባት ለሦስት ነው፤ መምህራችንን ይቀመጥ ብያቸዋለሁ። የሚደውል ካለ ይደውል፣ አለበለዚያ ካርቶኑን እያመጣሁ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ስልኳን አነሳች። እናቷ እያዩዋት ነው።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?»

«የቀባሪው እኅት ነኝ።»

ሬዲዮው የሲጥታ ድምፅ አወጣ። «እኅቴ፣ ሬዲዮሽን ትንሽ ቀንሺው» አለ አቅራቢው፤ ድምፁ የቀልድ ቃናውን ጥሎ ነበር።

ቀነሰችውና ጀርባዋን ለመጋረጃው፣ ፊቷን ለእናቷ አደረገች። እየተንተባተበች ሁሉንም ተናገረች፤ ካሴቱን፣ ጠመኔውን፣ ጨርቁን። «የሚጀምረው በመቀበር ነው» አለች። «የሚያልቀው ቤቱ በመግባት ነው። እናንተ የምትሰሙት ተገልብጦ ነው። የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ ድፈኑኝ ብሎ አልጨረሰም።»

አቅራቢው ጉሮሮውን ጠረገ። «እኅቴ፣ ቅር አይበልሽና... ሃያ ሁለት ዓመት አልፏል። ወንድምሽን ለማዳን ብለሽ እንዳልሆነ በምን እናውቃለን?»

ልትመልስ አፏን ስትከፍት ከአቅራቢው ወገን ሌላ ስልክ ጮኸ። መምህሩ ናቸው፤ አየር ላይ አገናኛቸው።

«እኔ በምን እንደምናውቅ ልንገርህ» አሉ። ድምፃቸው ከሳቅና ከለቅሶ መሐል ነበር። «‹በቃ አለቀ፣ ወደየቤታችሁ ሂዱ› ያለው፣ ስላለቀ ነዋ። አራት ገጽ ሙሉ የተፈላሰፍኩበት! ልጄ፣ አሥራ ስምንቱንም ገጽ ገደል ከተትሽው፤ እግዚአብሔር ይስጥሽ። በል ጎበዝ፣ ካሴቱን ገልብጠው።»

አቅራቢው የሚቀጥለውን ፕሮግራም ሰው ይቅርታ ጠይቆ ካሴቱን ገለበጠው። ልብስ ሰፊዋ ሬዲዮውን መልሳ ከፍ አደረገችው፤ በዚህ ሱቅ ውስጥ እስከዚያ ድረስ ከፍ ብሎ አያውቅም።

አፈሩ በመጀመሪያ መጣ። እናቷ ጉልበታቸውን ጨብጠው ሰሙት። ድፈኑኝ ሲል ዓይናቸውን ጨፈኑ። ግን ካሴቱ አላቆመም፤ ሌላው ገጽ ጀመረ፣ መዶሻው ከውስጥ ወደ ውጪ መምታት ያዘ። ሟቹ ትሉን ይሳደባል፤ ከመቃብር ቆፋሪው ጋር ስለ አካፋው ይጨቃጨቃል፤ አጥንቱን እያንቋቋ መንገድ ሲያቋርጥ አንድ ዘበኛ ቆቡን ጥሎ ይሮጣል። አሁን ቅደም ተከተሉ ሲስተካከል፣ ያ ሁሉ ማስፈራራት ወደ አንድ ቦታ እየሄደ እንደነበረ ተሰማ። ከዚያ መዶሻው ዝግ አለና በር ማንኳኳት ሆነ፦

*በሩን አንኳኳሁ በአጥንት ጣቴ፣*
*«ማነው?» አለችኝ ከውስጥ እናቴ።*
*«ሞቼ ነው፣ እማ፣ ለዚህ ነው የቆየሁ፣*
*ከጉድጓድ ወጣሁ መብራትሽን እያየሁ።»*
*«ብትሞትስ ታዲያ፣ እንዲህ ይቆያል ወይ?*
*እግርህን ጥረግ፣ ወለሉ መታጠቡን አታይም ወይ?»*

እናቷ ዓይናቸውን ገለጡ። «ይሄ የኔ አነጋገር ነው» አሉ።

«ያንቺ ነው፣ እማ።»

«የድንጋዩን አቧራ ይዞብኝ ሲገባ...» አልጨረሱትም። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ልብስ ሰፊዋ ደንግጣ ስትጠጋ እየሳቁ ነበር። እንባቸው ይወርዳል፣ እሳቸው ይስቃሉ። «ሞቶም አፈር ይዞ ሊገባብኝ! ይሄ ባለጌ።»

ሬዲዮው ውስጥ ወንድሟ «በቃ አለቀ፣ ወደየቤታችሁ ሂዱ» ብሎ ሳቀ። አለቀ፤ የምር አለቀ።

የጣቢያው ስልክ ከዚያ በኋላ ፋታ አጣ። ሾፌሩ መኪናውን ጥግ አቁሞ ነው የደወለው። «ሲሚንቶው ዛሬ አይደርስም» አለ፣ «ንገሩልኝ፣ ባለቤቱ ይጠብቅ።» ሟርት ነው ያለችው ሴት «ልጁን አምቼዋለሁ፣ ነፍሱን ይማር፣ ይቀመጥ» አለች። ነርሷም ተመልሳ ደወለች። «ትሉን አሁንም አልወደውም» አለች። «ይሄንን መጨረሻ ግን ለሥራ ባልደረቦቼ አሰማለሁ። ይቀመጥ።» አቅራቢው ቆጠራውን ተወው፤ የሚቆጠር ይውጣ አልነበረም።

በሱቁ ውስጥ ግን ሳቁ ሲበርድ እናቷ ፊታቸውን ወደ ልጃቸው መለሱ።

«ሃያ ሁለት ዓመት» አሉ ቀስ ብለው። «ልጄ ሞቱን ለመነ እያልኩ ስቃጠል እዚህ ተቀምጠሽ ትሰፊ ነበር።»

«አዎ፣ እማ።»

«ስለ ወረቀቱ አልቆጣሽም። እጅ ይስታል። ስለ ዝምታው ነው።»

ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ደፍታ ቆመች። እናቷ እጃቸውን ዘረጉ። ለቡራኬ የዘረጉ መስሏት ዝቅ ስትል፣ ከእጇ ስልኩን ወሰዱት።

«የቱን ነው የምጫነው?»

ደወለችላቸው። እናቷ ስልኩን እንደ ማንኪያ ከአፋቸው ፊት ለፊት ያዙት።

«ስማ አንተ ልጅ» አሉት አቅራቢውን። «እኔ እናቱ ነኝ። ልጄ አላሟረተም። ያለውን ሰምታችኋል፤ ወደ ቤቱ ነው የመጣው። ይህንን ሟርት ነው ብሎ ለጎረቤቱ ያወራ ሁሉ ሄዶ ያስተካክል። እኔም ከነገ ጀምሬ በየቤቱ እዞራለሁ፣ ያወራሁት ብዙ ነው።»

«እሺ፣ እናቴ» አለ አቅራቢው። «አሁን ምን ላድርግልዎ?»

እናቷ ልጃቸውን በጎን ዓይን አየት አድርገው በርጩማው ላይ ተደላደሉ።

«ከመጀመሪያው አጫውተው» አሉ። «አፈሩንም ትሉንም። ምንም እንዳትዘል።»

ካሴቱ ቀጭ ብሎ ወደ ኋላ ሲጠቀለል በሬዲዮው ተሰማ። የመጀመሪያው አካፋ አፈር ሲወርድ እናቷ አልጨፈኑም፤ ሱሪውን ከጠረጴዛው አንስተው፣ መርፌውን ለልጃቸው አቀበሉና «ሥራሽን እየሠራሽ ስሚ» አሏት፣ በመዶሻው ምት ልክ በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ።