የቆላው ባሌ እና ብርድ የማትችለው መኪና

ባሌ ሮሜር የሳንታ ክሩዝ ልጅ ነው፣ የቆላ ሰው። እኔን አግብቶ ወደ እኛ ደጋ ወደ ኦሩሮ ሲመጣ ከዘመዶቹ አንድም አልተከተለውም፤ አሮጌ መኪናውን ብቻ ይዞ መጣ። እዚያ ሙቀት ውስጥ ቁልፉን ገና ሲነካው ነበር የምትነሳው። በእኛ በሰኔ ብርድ ግን ጠዋት ጠዋት ትንዘፈዘፋለች፣ ትንተፋተፋለች፣ ሦስት አራት ጊዜ ትጠፋለች።

«ፍሎሪንዳ፣ ሞተሯ አለቀላት!» ይለኝና እየበረረ መካኒኩ ዶን ሴኖቢዮ ጋራዥ ይወስዳታል። ጋራዡ ከተማው ማዶ ነው። እስኪደርስ ትሞቅና ድምጿ እንኳ አይሰማም።

«የታለ በሽታዋ?» ይላሉ ሽማግሌው።

«አሁን ጠዋት ስታንቀጠቅጠኝ ነበር፣ እናቴን!»

ሦስት ቀን ተመላለሰ። በአራተኛው «መሳቂያ አደረገችኝ» ብሎ አኮረፈ፤ ገዢ ያፈላልግ ጀመር። ነገሩ ሲከፋብኝ ዶን ሴኖቢዮን ቁርስ ጠራኋቸው። ገና ጎህ ሲቀድ መጡ፣ እስከ አፍንጫቸው ተጠቅልለው። ትኩስ አፒ፣ የበቆሎ መጠጣችንን፣ ቀዳሁላቸው። ሮሜር ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ ከነጎማዋ ተንቀጠቀጠች።

«አዩ? አዩ? ውሸታም ነኝ?» ባሌ በደስታ ሊዘል ትንሽ ቀረው።

ሽማግሌው እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ። «ልጄ፣ አልታመመችም፤ በርዷት ነው! ቤንዚን ደህና የሚነደው ተንኖ ከአየር ጋር ሲቀላቀል ነው። ብረቱ ከቀዘቀዘ አይተንም፣ ጠብታ ሆኖ ይቀራል። አንዱ ሲሊንደር ሲተኩስ ሌላው ሳይተኩስ ያልፋል። ዘይቱም ወፍሯል። እስክትሞቅ አየሩን ቀንሰህ ቤንዚኑን ታበዛላታለህ።»

«በምን?»

ዶን ሴኖቢዮ ከመሪው ጎን ያለችውን ጉጥ አሳዩት። «ይቺስ?»

«የኮፍያ መስቀያ ናታ!» አለ ሮሜር፣ ከልቡ።

እኔ ማሰሮውን ይዤ ወደ ውስጥ ሮጥኩ፤ ፊቱ ላይ መሳቅ አልፈለግሁም። ስመለስ ጉጧ ተስባለች፤ መኪናዋ ትንሽ እየተነጫነጨች ሳትጠፋ ትሠራለች። ስትሞቅ ጉጧን ቀስ በቀስ መልሰው ሲገፏት መነጫነጯን ተወች። ሮሜር ሽማግሌውን አቅፎ ሳማቸው።

ከዚያ ወዲህ አልቻልነውም። ሰፈር ውስጥ መኪና በተንተፋተፈ ቁጥር ሮጦ ይወጣል። ትናንት ሃያ ዓመት ጭነት መኪና የነዱትን ጎረቤታችንን ዶኛ ፕሪሚቲቫን «በርዷት እኮ ነው፣ ቤንዚኑ...» ብሎ ሊያስተምራቸው ጀመረ።

«የበረደውስ አንተን ነው!» አሉት በመኪናቸው መስኮት። «ግባና ካፖርት ልበስ!»

ገብቶ ለበሰና ተመልሶ ወጣ፣ ትምህርቱን ሊጨርስ።