ከኬንያ የሚጽፈው አጎት

የተሳፈረበት የናይሮቢ ሚኒባስ፣ ማታቱው፣ ቲካ ሮድ ላይ በመኪና መጨናነቅ ቆሞ ሳለ ተካልኝ ለአንድ የማያውቀው ሰው ስድብ በቻይንኛ መልስ ይጽፍ ነበር። ሰውየው አንዲት ልጅ የቻይና በገና ስትደረድር በሚያሳይ ቪዲዮ ሥር «ወደ አባትሽ አገር ሂጂ» ብሏል። ሌላው ፀጉሯን ከመጥረጊያ ጋር አመሳስሎታል። «ጎበዝ ናት» የሚሉም አልጠፉ፤ ስድቡ ግን ይበዛል።

«የተወለደችው ጓንዡ ነው። ከእናንተ በምን ታንሳለች?» ብሎ ላከ።

ልጅቷ የእሱ ናት። ጓንዡ ጨርቅ ሲነግድ ከአንዲት ቻይናዊት ወለዳት። አራት ዓመቷ ሳለ የመኖሪያ ፈቃዱ አልታደስ ብሎት ወደ ኬንያ ወጣ፤ ተመልሶ መግባትም አልቻለም። እናትየዋ ሌላ አግብታ ስልኳን ቀየረች። ልጁን እንደገና ያገኛት ባለፈው ዓመት፣ ቪዲዮዎቿን በምትለቅበት በዚህ የቻይና መተግበሪያ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ካሳራኒ ሰፈር በተከራያት አንድ ክፍል ውስጥ እራቱን የሚበላው ቪዲዮዋን እያየ ነው። በቻይና ስም ይጽፍላታል፤ እሷም አባቷ መሆኑን ሳታውቅ «አጎቴ» ትለዋለች።

ከተማ ወርዶ ወደሚሠራበት የመጋረጃ ሱቅ ሲገባ መልእክት ደረሰው። አንብቦ በሩ ላይ ቆመ። ታሪኩን የሚያውቁት የሱቁ ባለቤት እትዬ ዕፀገነት ምን እንደገጠመው ጠየቁት።

መተግበሪያው ጸሐፊው ያለበትን አገር ከጽሑፉ ሥር ያሳያል። ልጅቷ ይህን ያስተዋለችው ዛሬ ነው።

«‹አጎቴ፣ አባቴም ኬንያ ነው ይባላል፤ ታውቀዋለህ?› ትለኛለች» አላቸው።

«ታዲያ ንገራታ።»

«ቻይናዊ እመስላታለሁ፣ እትዬ። በቀደም ‹ቻይናዎች ሁሉ እንደማይጠሉኝ በአንተ አወቅሁ› ብላኛለች። እኔ ነኝ ካልኳት ያንን ሰው ቀማኋት ማለት ነው።»

እትዬ ዕፀገነት የያዙትን ጨርቅ ባንኮኒው ላይ አኖሩ።

«ያ ሰውዬ'ኮ የለም» አሉት ቀስ ብለው። «አባት ግን አላት።»

ጠዋቱን ሙሉ መጋረጃ ሲለካና ሲቆርጥ አረፈደ። እትዬ ዕፀገነት ለምሳ ሲወጡ አብሯቸው አልሄደም፤ የሕንፃው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። «ናይሮቢ ትልቅ ከተማ ነው፣ አላውቀውም» ብሎ ጻፈ። ይህን ቢልክ ምንም የሚለወጥ ነገር የለም። ማታም ቪዲዮዋ አለ፣ ነገም አጎት ነው። ትንሽ ካየው በኋላ አጠፋው።

ድምፁን ልኮላት አያውቅም። ቻይንኛው ሲጻፍ አያስነቃም፣ ሲነገር ግን ያሳብቅበታል፤ ሁለት ቃል ሳይጨርስ የሌላ አገር ሰው እንደሆነ ይታወቅበታል። ጉሮሮውን ጠረገና መቅጃውን ተጫነ።

«አውቀዋለሁ» አለ። «በደንብ ነው የማውቀው።»

ከዚያ ሳያዳምጠው ላከው።