አራት ጣት እጥፋት

እኔ ቁጭ ብዬ የሠራሁት ሥራ የለም። ጨርቅ ቆራጭ ነኝ፤ ቆራጭ ደግሞ ቆሞ ነው የሚሠራው። ጠረጴዛውን እየዞርኩ፣ በጠመኔ እያሰመርኩ፣ መቀስ እያንቋቋሁ ሃያ ሁለት ዓመት። እትዬ "ቁንጫ" ትለኛለች። ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ስታርፍ እኔ ሰባት፣ እሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመታችን ነበር፤ ያሳደገችኝም፣ ማኅበሩ ውስጥ ያስገባችኝም እሷ ናት። ስለዚህ ቁንጫም ብትለኝ ሌላም ብትለኝ አቤት ነው የምላት።

ማኅበራችን ዘጠኝ አባላት አሉት። የተማሪ ዩኒፎርም እንሰፋለን፤ እንሰፋ ነበር ልበል። አንዷ ኮሌታ፣ አንዷ ኪስ፣ አንዱ እጅጌ፣ ሁሉም የየራሱን ብቻ። የእትዬ ድርሻ ጫፍ ነበር። የሱሪውንና የቀሚሱን ጫፍ አራት ጣት ወደ ውስጥ ታጥፍና በእጇ ትሰፋዋለች፤ ክሩ ከውጭ አይታይም። አራት ጣት የሆነው ልጅ ስለሚያድግ ነው፤ እናትየው በየዓመቱ አንድ ጣት ትለቅለታለች። ይህን ደንብ ያመጣችው እትዬ ስትሆን፣ ከየት እንዳመጣችውም አውቃለሁ። እኔ በአንድ ቀሚስ አራት ዓመት ተምሬያለሁ። ትምህርት ሊከፈት ሲል መስኮት ስር ተቀምጣ ጫፉን ትለቅልኝ ነበር። የድሮው እጥፋት ምልክቱ ቀሚሱ ላይ ስለሚቀር፣ ሦስት መስመር ያላት ልጅ አራተኛ ክፍል ደርሳለች ማለት ነው።

ያኔ ጨርቁን በቅናሽ የሚሰጠን መንግሥት፣ የተሰፋውን የሚረከበን መንግሥት፣ አዳራሹን ያለ ኪራይ የለቀቀልንም መንግሥት ነበር። አንድ ቀን ከኅብረት ሥራ ቢሮ ባለሙያው መጣ። በፊት ሲመጣ ጣቃ ጨርቅ አስጭኖ ነበር፤ ያን ቀን ወረቀት ብቻ ይዞ መጣ።

"ከእንግዲህ ገበያው ነፃ ነው፤ ድጎማ የለም፤ ትዕዛዝ በጨረታ ነው። ተወዳደሩ" አለን።

"ከማን ጋር?" አሉ ጋሼ ካውያ። ልብስ ተኳሻችንም ሊቀመንበራችንም እሳቸው ናቸው።

"ከሁሉም ጋር" ብሎ ወረቀቱን አስፈርሞን ሄደ።

ጨረታውን ከውጭ የተሰፋ ዩኒፎርም የሚያስመጣ ነጋዴ ወሰደው። ሰባት ወር ያለ ትዕዛዝ ተቀመጥን። ግድግዳችን ላይ በትልቁ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ተብሎ ተጽፏል። ድሩስ አብሮ ነበር፤ የሚታሰር አንበሳ ጠፋ እንጂ። ሌሎቹ ማሽናቸው ላይ ተደፍተው ሲያንጎላጁ እኔ ባዶ ጠረጴዛ ስዞር እውላለሁ። ቤቴም ገብቼ እንደዚያው ነኝ፤ ድስት ጥጄ ሁለቴ በር ድረስ ወጥቼ እመለሳለሁ።

"ኧረ ተይ አንቺ ልጅ፣ ወለሉ ምን አደረገሽ?" ትለኛለች እትዬ፣ ከበርጩማዋ ሳትነቃነቅ።

በስምንተኛው ወር ባለሆቴሉ መጣ። አዲስ ሆቴል ሊከፍት ነው፤ ለሠላሳ አስተናጋጆች ሁለት ሁለት ሱሪና ሸሚዝ ይፈልጋል፤ ካማረው በየጊዜው ያዝዘናል። አዳራሹን በዓይኑ ዞረና እትዬ ላይ ቆመ። መርፌዋን ይዛ አሮጌ መጋረጃ ትጠግናለች።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"የእጅ ስፌት ክፍላችን ነው" አሉ ጋሼ ካውያ።

"እኔ ለመርፌ አልከፍልም። ማሽን በአንድ ሰዓት የሚጨርሰውን ቀኑን ሙሉ የሚጎትት ሰው ይዛችሁ ዋጋ ልትቀንሱልኝ አትችሉም። ስምንት ሰው ይበቃችኋል። እስከ ዓርብ አስቡበት።"

ጋሼ ካውያ ሁለት ቀን ሳይተኩሱ ዋሉ። ሐሙስ ሰበሰቡንና፣ መሬት መሬት እያዩ፣ "የእጅ ስፌት ክፍል ይዘጋ" የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ክፍል ይባል እንጂ ክፍሉ እትዬ፣ አንድ በርጩማና አንድ የመርፌ ቆርቆሮ ነው። ስም ላለመጥራት ነበር ያ ሁሉ።

ምርጫችን በሸሚዝ ቁልፍ ነው። ለእያንዳንዱ አባል አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ይታደላል። ነጭ እስማማለሁ፣ ጥቁር አልስማማም። ከመጋረጃው ጀርባ ገብተህ አንዱን ጣሳው ውስጥ ትጥላለህ፣ ሌላውን ኪስህ ከተህ ትወጣለህ። ማን ምን እንደጣለ አይታወቅም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሳንጣላ የኖርነው በዚህ ነው።

ተራዬ ሲደርስ መጋረጃው ጀርባ የቆምኩት እስትንፋስ ለማይሞላ ጊዜ ነው፤ ሒሳቤን ግን ሌሊቱን ሳገላብጥ አድሬ ጨርሼው ነበር። ማኅበሩ ከተዘጋ በሃምሳ ዓመቴ ማን ይቀጥረኛል? እትዬን ደግሞ የማይወድ የለም፤ ሌሎቹ ጥቁር ይጥሉላታል፤ የኔ አንድ ነጭ ምንም አያመጣባትም። ባለሆቴሉም ቢሆን ይለመናል። ይህን ብዬ ነጩን ጣልኩት። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

ቆጣሪዋ በዕድሜ ታላቋ አባል ናት። እትዬ ናታ! ጣሳውን ጠረጴዛዬ ላይ ገለበጠችው፤ ቁልፎቹ ተንከባለው ተንከባለው ቆሙ።

ዘጠኝ ነጭ።

የሷንም ጨምሮ ማለት ነው። ምስጢር የሚሆነው አንድ እንኳ ጥቁር ሲኖር ነበር፤ ያኔ ሁላችንም ያቺ ጥቁር የኔ ናት ብለን እንምልላት ነበር። አሁን ምን ተብሎ ይማላል? እትዬ በጣቷ ደግማ ቆጠረቻቸው፤ ቀና ብላ ከሁሉ ቀድማ ያየችው እኔን ነው። ቁጣም ክፋትም አልነበረባትም፤ ሥራ ላይ አንድ ነገር ጠፍቶባት ስትፈልግ እንደምታየኝ ነው ያየችኝ።

"በሙሉ ድምፅ አልፏል" አለች። የመርፌ ቆርቆሮዋን በሻርፕ ጠቅልላ፣ "በሉ እንግዲህ፣ ሥራውን ያቅናላችሁ" ብላን ወጣች። ማንም በር ድረስ የሸኛት የለም፤ የሚሸኛት ፊት አልነበረንም።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ሥራ ሆነ፤ እኔ ግን ቀድሞም የማልረጋው ጨርሶ በረርኩ። ቤቷ ከኔ ቤት ሁለት ቅያስ ነው፤ በዚያ ላለማለፍ በገበያው ዞሬ እሄዳለሁ። ጥቁሯ ቁልፍ ከሽርጤ ኪስ አልወጣችም። እጄን ባስገባሁ ቁጥር አገኛታለሁ፤ አልጥላት፣ አላወጣት። የሆቴሉን ጨርቅ በአምስት ቀን ቆረጥኩት። ኪስ ሰፊዋ ጫፉን በማሽን ሰፋችው፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን አስረከብን።

በማግሥቱ ባለሆቴሉ ሠላሳውን አስተናጋጅ ሱሪያቸውን እንዳጠለቁ እየነዳ አዳራሻችን ከተታቸው። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። የአንዱ ቁርጭምጭሚት ተጋልጧል፤ የሌላው ሱሪ ጫማውን ውጦ መሬት ይጠርጋል። በዚያ ላይ የማሽኑ ስፌት ከውጭ በኩል እግራቸውን ዞሮ ይታያል።

"የስንተኛ ክፍል ተማሪ አደረጋችሁብኝ?" አለ ባለሆቴሉ። "ለመሆኑ ለክታችኋቸዋል?"

አልለካናቸውም። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ለክተን አናውቅማ! ዩኒፎርም የሚቆረጠው በክፍል ነው፤ ለሦስተኛ፣ ለአራተኛ። አንዱ ረዘም አንዱ አጠር ካለ እጥፋቱ ያስተካክለዋል። እሱ "ሁሉም ትልልቅ ሰዎች ናቸው" ሲለኝ እኔ ስምንተኛ ክፍል ብዬ ቆረጥኳቸው።

"ከነገ ወዲያ ሆቴሉ ይመረቃል" አለ። "እስከዚያ ይሄ የለበሱት ሱሪ ካልተስተካከለ ጨርቄን ትከፍላላችሁ፤ ሁለተኛም አታዩኝም።"

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ። አንዱን ሱሪ ገልብጬ ጫፉን በመቀስ ተረተርኩት። ከውስጥ እጥፋቱ ወረደ፤ ጣቴን አስቀምጬ ለካሁት። አራት ጣት። ማንም ሳያዝዘኝ፣ ለማያድጉ ሰዎች፣ በያንዳንዱ እግር ላይ አራት ጣት ትቼ ቆርጫለሁ። እጄ የእትዬን ድርሻ ሳይነካ አስቀምጦላት ነበር። እጄ ከኔ ይሻላል ብዬ አፈርኩ።

"ጨርቅ አለን" አሉ ጋሼ ካውያ። "ላጠረበት ይለቀቃል፣ ለረዘመበት ይታጠፋል። ግን ማን ይሰፋዋል?"

ኪስ ሰፊዋ በእጇ ሞከረች። አንድ እግር ለመጨረስ አንድ ሰዓት ፈጀባት፤ ሲያልቅም ተጨማደደ። ከዚያ ሰባቱም ወደ እኔ ዞሩ።

በገበያው አልዞርኩም፤ በቀጥታ ሄድኩ። የእትዬ በር ላይ ካርቶን ተንጠልጥሏል፤ "ሱሪ ይታጠፋል" ይላል፣ በራሷ የተንጋደደ ጽሑፍ። ውስጥ ሱሪ በሱሪ ላይ ተከምሯል። እሷ መስኮት ስር ናት።

"ግቢ፣ ቁንጫ። በእግርሽ ኮቴ ነው ያወቅሁሽ።"

"ይሄ ሁሉ የማነው?"

"የሰፈሩ ነዋ! ከውጭ የሚመጣው ሱሪ ሁሉ ለቀጭኔ የተሰፋ ነው። ያ ባለሙያ 'ተወዳደሩ' አላለም? ይኸው እየተወዳደርኩ ነው።" ክሩን በጥርሷ በጠሰች። "ምን ጉድ ገጥሟችሁ ነው?"

ነገርኳት። ስለ ስምንተኛ ክፍሉ ስነግራት ሳቀች፤ ስለ አራቱ ጣት ስነግራት ሳቋን ተወችው። እኔ ከበር እስከ አልጋው እመላለሳለሁ።

"ቁጭ በይ" አለችኝ።

"አልችልም።"

"ቁጭ በይ ብዬሻለሁ።"

ተቀመጥኩ። 

"እኔ ነጭ የጣልኩት ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ማኅበሩ በኔ ምክንያት እንዲዘጋ አልፈልግም ነበር። መውጣቴን ወስኜ ነው የገባሁት። ደግሞም ያንቺ ጥቁር እንዳለ ርግጠኛ ነበርኩ። ስቆጥር የማንንም አልፈለግኩም፤ ያንቺን ብቻ። አንዲቷ ትበቃኝ ነበር፤ እሷን ይዤ ደስ ብሎኝ እወጣ ነበር።"

ጥቁሯን ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ መዳፌ ላይ አሳየኋት።  ማልቀስ ብቻ ነበር የቻልኩት።

"እሱን መልሺው" አለች፤ ድምፅዋ ደረቅ ነበር። "ዘግይቷል። እመጣለሁ፤ ሱሪውንም አደርሳለሁ። ግን እንደ ቀን ሠራተኛ አልመጣም። አባልነቴን መልሱልኝ፤ እዚህ የያዝኩትንም ሥራ ይዤ ነው የምገባው፤ ሱሪ ማጠፉ የማኅበሩ ይሁን፣ ካርቶኑ እናንተ በር ላይ ይሰቀል። ምርጫው ደግሞ በቁልፍ አይሆንም።"

"በምን ይሁን?"

"በእጅ። መጋረጃውን አውርዱት። እጅሽን ማየት እፈልጋለሁ።"

ጋሼ ካውያ መጋረጃውን በራሳቸው እጅ አወረዱት። እትዬ አባል ስላልሆነች በሩ ጋ ቆማለች፤ የመርፌ ቆርቆሮዋ በሻርፑ እንደተጠቀለለ ብብቷ ስር ነው። ባለሆቴሉ አስተናጋጆቹን እንደያዘ ማዶ ሰዓቱን ያያል፤ ምን እንደምናደርግ ግራ ገብቶታል። ጋሼ ካውያ "ይመለሱ የምትሉ" ብለው ሳይጨርሱ እጄን አንሥቼ ነበር። ሌሎቹም ተከታተሉ፤ የኪስ ሰፊዋ፣ የኮሌታዋ፣ መጨረሻ ላይ የጋሼ ካውያ። ስምንት እጅ።

እትዬ አንድ በአንድ አየቻቸው፤ አልቸኮለችም። ከዚያ በርጩማዋን ወደ መስኮቱ ሳብ አድርጋ ተቀመጠች፤ መርፌዋን አወጣች፣ ክር አስገባች። "ረጅሙ ይቅደም" ስትል አንዱ አስተናጋጅ ፊቷ ቆመ። ተንበርክካ ጫፉን ተረተረች፣ ልኩን በመርፌ ያዘች፤ ሱሪውን አስቀይራ ማሽኑ የተወውን ቀዳዳ በጥፍሯ አሸች፣ ሰፍታም እንዲተኩሱት ለጋሼ ካውያ አሳለፈችው። የሌሎቹ እጅ ከወረደ ቆይቷል፤ ሁሉም ወደየማሽኑ ሄዷል።

እኔ ቆሜያለሁ። ጠረጴዛውን አልዞርኩም፤ ከቦታዬ አልተነቃነቅሁም፤ እጄ እንደተነሣ ነው።

ሁለተኛውን ሱሪ ስትጀምር ቀና አለች።

"አውርጂው በቃ፣ ይደክምሻል" አለችኝ።

አላወረድኩትም።