የጳጉሜ ጉዞ ዕቅድ፣ በአምስት ረድፍ

1.

ቀን አንድ፦ ከሞጆ እስከ ዓለም ጤና። አርባ ኪሎ ሜትር።
ማደሪያ፦ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ፔንሲዮን። ሁለት ክፍል።
ዝናብ ቢመጣ፦ መጠለል።
ጎማ ቢተነፍስ፦ ደግፌ።

2.

ይህን የጻፈችው ሸዋረገድ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት ክፍለ ጊዜ ስትደለድል ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት፣ ብስክሌት ላይ ስትወጣም ድልድሏን ይዛ ነው የምትወጣው። ከሞጆ ሐዋሳ፣ ከአስፋልቱ ጎን ለጎን ያለውን የአፈር መንገድ ለአምስት ቀን አካፍላ፣ በማስመሪያ አስምራ፣ በየማደሪያው ደውላ ክፍል አስይዛለች። ለምን አምስት ቀን? ጳጉሜ አምስት ቀን ናታ!

መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ከርቀቱና ከማደሪያው በታች፣ አንድ ቃል ጨምራለች።

መልስ።

3.

መልሱን የሚጠብቀው ደግፌ ነው። ደግፌ ብስክሌት ጠጋኝ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ስምንት ዓመቷ። መጋቢት ላይ የሸዋረገድን ብስክሌት ካቴና ቅባት እየቀባ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ብንጋባስ?» አላት።

«ጳጉሜ ስታልቅ፣ ሐዋሳ ላይ እነግርሃለሁ» አለችው።

ለጋብቻ ጥያቄ ደግሞ ቀጠሮ ይሰጣል ወይ የምትል አንባቢ፣ እውነቱን ልንገርህ፦ ፈርታ ነው። ብቻዋን መኖር ለምዳለች። ቤቷ ውስጥ ጭልፋው ሳይቀር የራሱ ቦታ አለው፤ ሰውዬውን የት ታድርገው?

4.

ቀን ሁለት፦ ከዓለም ጤና እስከ ባቱ። ሃምሳ አምስት ኪሎ ሜትር።

ጭቃ።

ጭቃ።

«መቂ ሩቅ ነው?» ብለው አንድ ገበሬ ጠየቁ። «እዚህችው ናት» አላቸው።*

* አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ሆና ተገኘች። ደግፌ እስኪያመው ሳቀ።

5.

ቀን ሦስት፦ ከባቱ እስከ ላንጋኖ።
ዝናብ ቢመጣ፦ መጠለል።

መጣ። ሸዋረገድ በዕቅዱ መሠረት አንዲት ሱቅ ጣሪያ ሥር ሮጣ ገባች። ደግፌ ግን ኮፍያውን አውልቆ መንገዱ መሃል ቆመ።

«ነይ እንጂ ቲቸር! ዛሬ እኮ ሩፋኤል ነው። ከጠበል ይጠለላል እንዴ?»

«ዕቅዱ ይረጥባል!»

«ይርጠብ!»

የሱቁ ባለቤት ሴትዮ ራሷ ሳፋዋን አውጥታ፣ ፊቷን ለሰማይ ሰጥታ ቆማለች። ሸዋረገድ ወረቀቱን አጣጥፋ በፌስታል ጠቀለለችው።

ወጣች።

እስከ ካልሲዋ ራሰች። እንደዚያ ጮኻ የሳቀችው መቼ እንደነበረ ልታስታውስ ሞከረች፤ አልመጣላትም።

6.

ቀን አራት ምንም አልሆነም። እየዘፈኑ፣ ግጥሙን እየተሳሳቱ፣ ደስ ብሏቸው ሻሸመኔ ገቡ። ደስታ ለጸሐፊ እምብዛም አይመችም፤ ብዘለው ግን ቅር ይለኝ ነበር።

7.

ጳጉሜ አምስት፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ሻሸመኔ። ሸዋረገድ ስልኳን ስፒከር ላይ አድርጋ ወደ ሐዋሳው ሆቴል ደወለች።

ሸዋረገድ፦ ዛሬ ከሰዓት እንገባለን። ክፍሎቻችን ተዘጋጁ?
እንግዳ ተቀባይዋ፦ የእናንተ የተያዘው ለነገ ነው እኮ እናቴ። ለዋዜማው ነው ያሉኝ።
ሸዋረገድ፦ ዋዜማው ዛሬ ነዋ!
እንግዳ ተቀባይዋ፦ ኧረ ነገ ነው። ዘንድሮ ጳጉሜ ስድስት ናት።

(ሸዋረገድ ዕቅዷን ትዘረጋለች።)

ሸዋረገድ፦ ስድስት?
ደግፌ፦ ዘመነ ሉቃስ ነው።

8.

ቀስ ብላ ዞረችበት።

«ታውቅ ነበር?»

«ዕቅዱን ያሳየሽኝ ዕለት ነው ያየሁት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

ደግፌ የብስክሌቱን ጎማ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው። ጎማው አልጎደለም።

«መልሱ ጳጉሜ ስታልቅ ነው ብለሽኛል» አለ። «እምቢ የምትይኝ ከሆነ፣ ትርፍ አንድ ቀን አብሬሽ ልዋል ብዬ ነው።»

ሸዋረገድ ሃያ ስድስት ዓመት ስትደለድል ሰው ሁሉ ስህተቷን ሲያገኝ እየሮጠ መጥቶ ይነግራት ነበር፤ ስህተቷን እንደ ስጦታ ደብቆ ያቆየላት የለም። ሳቋም እንባዋም እኩል መጡ። ስድስት ወር የፈራችውን ነገር ፈለገችው፤ አጣችው።

9.

«ሃሎ? እናቴ፣ ለዛሬም ክፍል አለን። ስንት ልያዝላችሁ?»

የደግፌ አውራ ጣት ጎማው ላይ ቀረ።

ቀጠሮው ገና አንድ ቀን ይቀርሻል ይላታል። ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች፤ ዓይኗን ግን ከደግፌ ላይ አልነቀለችም።

«አንድ ክፍል» አለች።