የዘገየው የግራ በር

አለበል ዋንዛ ሲልግ ያልማል። ሌላው ሰው ተኝቶ ያልማል፤ እሱ ግን መላጊያውን ይዞ ወዲያና ወዲህ ሲል፣ ዓይኑ እንደተከፈተ ሌላ አገር ይሄዳል። በእስቴ መካነ ኢየሱስ ከተማ ይህን የማያውቅ የለም። «አናጢው ሄዷል፤ ሲመለስ ኑ» እያለች ሚስቱ ይታይሽ ደንበኛ ትመልሳለች። እሱ እዚያው ከፊቷ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ፍቅፋቂ ውስጥ ቆሟል።

በዚያ ክረምት መውጫ የሚያልመው በር ነበር። ጉም ውስጥ የቆመ፣ በምንም ያልተያዘ፣ እጅ ሲነካው ዝም ብሎ የሚከፈት በር። ነገሩ የመጣው ከጋይንት ነው። የቤተ ልሔሙ ገበዝ መምሬ ላቀው፣ «የኔታ ገብረ መድኅን ዓይናቸው ጠፋ። መጻሕፍታቸውን ዳብሰው የሚያወጡበት ቁም ሳጥን ሥራልን» ብለው ላኩበት።

የፈሩት ይደርሳል። አለበል ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ከእኚሁ የኔታ እግር ሥር ድጓ ይማር ነበር። ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ በየአገሩ ዜማ የተማረ ሁሉ «አዎ፣ ዐውቋል» የሚባልለት እዚያ ነው። ሊመሰከርለት ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ቀን በጉባኤ መካከል የኔታ ሦስት ጊዜ አረሙት። እፍረቱን አልቻለውም። በነጋታው ሳይሰናበት፣ ሳይመረቅ ጠፋ። ጎንደር ገብቶ አናጢነት ተማረ፤ እውነቱን ለመናገር ጥሩ አናጢ ወጣው። ግን ሥራውን ባመሰገኑለት ቁጥር ያልተመሰከረለት ድጓው ትዝ ይለው ነበር። አሁን የሚመኘው አንድ ነገር ነው፤ ሽማግሌው ሳይሞቱ ከአፋቸው መልካም ቃል መስማት።

በሮቹን ባለ ከንፈር አደረጋቸው። የበሩ ጠርዝ ከኋላው በግማሽ ውፍረቱ ይቀነሳል፤ ውስጠኛው ግማሽ ወደ ሳጥኑ ይገባል፣ ውጭኛው እንደ ከንፈር ክፈፉ ላይ ይተኛል። አይጥም አቧራም አያስገባም። ያስቸገረው በሩን ከሳጥኑ የሚያያይዘው ማጠፊያ ነው። በዚያ በጃንሆይ ዘመን እንዲህ ያለ ዕቃ ከአሥመራ እስከ ጎንደር በካሚዮን፣ ከዚያ ወዲህ በበቅሎ ነበር የሚመጣው፤ ነጋዴው ሦስት ዓይነት አመጣለት። ጠፍጣፋው ለባለ ከንፈር በር አይሆንም። ሁለተኛው ከንፈሩን ዞሮ ያልፋል፤ ግን አንዱ ክንፉ ከነብሎኑ ፊት ለፊት ተዘርግቶ ይታያል፤ የሚዳብስ እጅ ይቧጭራል፣ ነጠላ ይይዛል። ሦስተኛው ስውር ነው፤ ሁለቱም ክንፎቹ ከከንፈሩ ጀርባ ይቀራሉ፣ በሩ ሲዘጋ ብረት የሚባል አይታይም። ብቻ እጥፋቱና የከንፈሩ ጥልቀት ልክ ለልክ መሆን አለባቸው። አለበል ስውሩን መረጠ።

«የኔ ስም ይታይሽ፣ ያንተ ሥራ ስውር» አለች ሚስቱ ብረቱን ገለባብጣ እያየች። «ለማያዩ ሰው ስውሩም ግልጡም አንድ አይደለም እንዴ?»

«ለእጃቸው አንድ አይደለም» አላት።

ይህን ያህል የተጨነቀ ሰው ልኩን የያዘው በጣቱ ነው! የቀኙን ከንፈር በሌባ ጣቱ ውፍረት ለካ። የግራውን ሲለካ ግን ጉሙ መጥቶበት ነበርና በየትኛው ጣት እንደለካ እሱም አያውቅ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እያለሙ የለኩትን ደግሞ እንጃ።

መስከረም ሲጠባ ሳጥኑን ፈታትቶ በሸክም አደረሰው፤ የኔታ ቤት ውስጥም ገጣጠመው። ከውጭ የተማሪው ዜማ ከጉሙ ጋር ይገባል፣ ይወጣል። ዋንዛው ራሱ የሚተነፍስ ይመስል ነበር።

«ማጠፊያ የለውም እኮ! በጸሎት ነው የቆመው?» አሉ መምሬ ላቀው።

የኔታ ተነሡ። «የሠራው ማን ነው?»

«አለበል ነኝ፣ የኔታ።»

የኔታ ወደ ሳጥኑ ቀረቡ። መዳፋቸውን ከላይ እስከ ታች በዝግታ አወረዱ፤ የትም አልተያዘባቸውም። አለበልን ከደስታው የተነሣ እንባ እንባ አለው። ከዚያ ሁለቱን በሮች ከፈቱና በሁለት እጃቸው እኩል ገፏቸው። ቀኙ «ጧ» አለ። ግራውም «ጧ» አለ፤ ግን ትንፋሽ ያህል ቆይቶ።

«ግራው ዘገየ» አሉ።

«ኧረ የኔታ፣ ምንም አይታይም!» አሉ መምሬ ላቀው።

«እኔስ መች አየሁ አልኩ?»

የአለበል ፊት ነደደ። የቤቱ ደጃፍ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ወደ እስቴ የሚወስደው መንገድ ከዚያው ይጀምራል። እግሮቹ ያንን የሽሽት መንገድ በደንብ ያውቁታል። ለመሄድ አንድ እርምጃ ተራመደም።

ተመለሰና፣ «እውነትዎ ነው የኔታ፤ ይታረማል» አለ።

የግራውን በር ነቀለ። ከንፈሩ ፀጉር ያህል ሳይጠልቅ ቀርቶ ማጠፊያውን እየነከሰ በሩን ያዘገየው ነበር። የቀኙን ልክ በስንደዶ ወስዶ፣ ከከንፈሩ ሥር በመሮ ቀስ እያለ ፋቀለት። ፀሐይ ወጥታ ብናኙ ላይ ወርቅ ስትነሰንስ፣ ዜማው ሲርቅና ሲቀርብ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የትም አልሄደም፤ እዚያው ነበር። መልሶ ገጠመው።

የኔታ ሁለቱንም ገፉ። አንድ ድምፅ ብቻ ተሰማ።

«ቀጥል» አሉ።

አለበል ግራ ገባው። «ሌላ በር የለም የኔታ፤ አለቀ።»

«ስለ በር ማን አወራ? ድጓውን ቀጥል።»

አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ዜማ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ፤ ድምፁ ሻካራ ነበር፣ ሁለተኛው ቃል ላይም ሳተ።

የኔታ አረሙት። አለበል መሮውን አስቀምጦ እግራቸው ሥር ቁጭ አለ፤ እንደገናም ጀመረ።