ቀዩ ማስጠንቀቂያ

በጥር 2002 አንድ ረፋድ ላይ፣ ወረታ መናኸሪያው ፊት ለፊት ባለች የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ ውስጥ፣ ደም የተቃቡ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው ነበር።

አንደኛው አለኸኝ ነው። የቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ሰው ነው። ነሐሴ ላይ በሩዝ ማሳ ውሃ በተነሳ ጠብ ታናሽ ወንድሙ በመጥረቢያ ተገድሎበታል። ሁለተኛው አያ ደብሬ፣ የገዳዩ አባት ናቸው። ልጃቸው ታስሯል፤ እሳቸውም በቀሉን ፈርተው አምስት ወር ከደጃቸው አልወጡም። አብረዋቸው ያሉት አስታራቂው መምሬ ወልደ ሥላሴ ናቸው።

የዕርቁን ቃል የምትጽፈው የሱቁ ባለቤት ወለላ ነበረች። አያ ደብሬ “ልጄ አጥፍቷል፤ ደሙ በእኛ ላይ ነው” ሲሉ ጻፈች። አለኸኝም ጥርሱን ነክሶ “ቂሜን ትቻለሁ” አለ፤ እሱንም ጻፈች። የቀረው አትሞ መፈረም ብቻ ነው።

ማተሚያው ግን እምቢ አለ። ወለላ የማተሚያውን ፕሮግራም ልትፈልግ ኢንተርኔት ከፈተች። አንዱን ገጽ ስትጫነው ስክሪኑ በቀይ ተሸፈነ። ጡሩንባ የመሰለ ድምፅ ሱቁን ሞላው። ቁጥሩ መሮጥ ጀመረ፦ ሠላሳ ቫይረስ፣ መቶ ቫይረስ፣ ሦስት መቶ።

“ምን ነካው?” አለ አለኸኝ።

“ቫይረስ ገብቶበታል።” የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ እየተረጎመች ጮኸች። “አሁኑኑ ካልተከፈለ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል ይላል።”

“የኛም ጽሑፍ?”

“ሁሉም ነው የሚለው።”

አለኸኝ ወደ አያ ደብሬ ዞረ። “አስቀድመህ አናግረሃታል! በሰው ፊት ቃል ሰጥተህ በጓሮ ልታስጠፋው!”

“ኧረ በሥላሴ፣ እኔ ይህን ዕቃ መች አውቄው...”

አልጨረሱም። የአለኸኝ ሽመል ግንባራቸው ላይ አረፈ። አያ ደብሬ ወንበሩን ይዘው ወደቁ። አለኸኝ ደገማቸው፤ ሁለተኛው ምት ዓይናቸውን አገኘው። ደሙ ግድግዳው ላይ ተረጨ። መምሬ ወልደ ሥላሴ መስቀላቸውን ዘርግተው መሐል ገቡ። “ልጄ፣ ስለ እግዚአብሔር!” ቢሉም ሦስተኛው ምት ክንዳቸው ላይ አረፈ፤ የአጥንቱ ስብራት ተሰማ። መስቀሉ ከእጃቸው ወደቀ።

“ይህንም ልሰባብረው!” አለና አለኸኝ ሽመሉን ወደ ኮምፒውተሩ አነሳ።

ወለላ ለምን እንዳደረገችው ኋላም አላወቀችም፤ ስክሪኑን አቅፋ ተደፋችበት። ምቱ ትከሻዋ ላይ አረፈ። ከሕመሙ የተነሳ መጮህ እንኳ አቃታት። ፊቷ ከቀዩ ጽሑፍ አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው። ያኔ ነው በደንብ ያየችው።

ቫይረሱ “ዲ” በሚባለው የማስቀመጫ ክፍል ተገኘ ይላል። የእሷ ኮምፒውተር “ሲ” እንጂ “ዲ” የለውም። ማስጠንቀቂያውን የላከው ጸረ ቫይረስም ስሙን ሰምታው የማታውቀው ነው፤ እሷ የጫነችው ሌላ ነው፣ እሱ ደግሞ ምንም አላለም። ከሥር “እሺ” እና “ይቅር” የሚሉ ሁለት ቁልፎች አሉ። ሁለቱም የዚያው ማስጠንቀቂያ ናቸውና አልነካቻቸውም። በደህናው እጇ፣ የተከፈተን ፕሮግራም በግድ የሚያስቆሙትን ሦስት የኪቦርድ ቁልፎች አንድ ላይ ተጭና ኢንተርኔቱን ከነገጹ ዘጋችው።

ቀዩ ጠፋ። ድምፁም ቆመ።

“ውሸት ነው!” ብላ ጮኸች። “ማስጠንቀቂያው ራሱ ነው አጭበርባሪው! ጽሑፋችሁ ይኸው!”

እያለቀሰች አነበበችለት፦ “ልጄ አጥፍቷል፤ ደሙ በእኛ ላይ ነው።” ቀጥላም፦ “ቂሜን ትቻለሁ።” አንዲት ፊደል አልጎደለም።

አለኸኝ ሽመሉን እንደያዘ ቆመ። ወለሉ ላይ አያ ደብሬ ዓይናቸውን ይዘው ያቃስታሉ። መምሬ ወልደ ሥላሴ ግድግዳውን ተደግፈው የተሰበረ ክንዳቸውን ታቅፈዋል። ሰው ከመናኸሪያው እየሮጠ ገባ። ፖሊስ እስኪደርስ አለኸኝ ከቦታው አልተነቃነቀም።

አያ ደብሬ ነፍሳቸው ተረፈች፤ ግራ ዓይናቸው ግን አልተረፈም። የእሳቸው ወገኖችም በተራቸው ደም ሊመልሱ ተነሡ። መምሬ ወልደ ሥላሴ ክንዳቸው ታስሮ ከቤት ቤት እየዞሩ ሲለምኑ ሁለት ወር ፈጀባቸው። አዲስ ዕርቅ የተጻፈው መጋቢት ላይ ነው። በዚህኛው አጥፊዎቹ ሁለት ሆኑ፦ የአያ ደብሬ ልጅና አለኸኝ።

ወለላ ከዚያ በፊት አንድ ቀን ትከሻዋ በጨርቅ እንደታሰረ እስር ቤት ሄዳ አለኸኝን ጠየቀችው። እሱም እንዳቀረቀረ፣

“ውሸት መሆኑን ያኔውኑ ለምን አልነገርሽኝም?” አላት።

“አላወቅሁማ። የሚጮኸውን አምኜ ጮህሁ፤ ሳላጣራ ነው ያነበብሁልህ።”

“እኔም አንቺን አምኜ መታሁ” አለ።

ወለላ ይዛለት የመጣችውን ዳቦ በፍርግርጉ አቀበለችው። ተቀበላትና ሳይበላ በሁለት እጁ ይዞት ቆመ።