ኮቱ ሲያጥር

ዱጋልድ ሬኒ ከቁም ሣጥኑ ውስጥ የመረጠው የባሰውን ኮት ነበር። ዕድሜ ልኩን የበግ ገበያ ሲውልበት የኖረ፣ ክርኑ በቆዳ የተለጠፈ፣ ብብቱ ውስጥ አንድ ሙክት የሞተ የሚመስል ወፍራም የሱፍ ኮት ነው። ልብስ ሰፊዋ አይታ "ይሄ ለኪልት የሚሆን አይደለም" ብላ እንድትመልሰው እግዚአብሔርን ለምኗል። ልጁ ክርስትና ከተነሳች ወዲህ እግዚአብሔርን ሲያስቸግር ይህ የመጀመሪያው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ኢሽቤል ቅዳሜ ታገባለች። ክንዷን ይዞ ቤተ ክርስቲያን የሚያስገባት እሱ ነው። እሷ ደግሞ ኪልት ካልለበስክ ብቻዬን እገባለሁ ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። ኪልቱስ፣ የስኮትላንድ ወንድ በክብር ቀን የሚታጠቀው እስከ ጉልበት ብቻ የሚደርስ ጉርድ፣ አለ፤ የአባቱ ነው፣ ሽንሽኑ አልተዛነፈም፣ ብልም አልቀመሰውም። ችግሩ የዱጋልድ እግር ነው።

የዱጋልድ እግር ቀጭን ነው ማለት ነገሩን ማለስለስ ነው። ከቁርጭምጭሚቱ ተነስቶ እንደ መጥረጊያ እንጨት ሽቅብ ይሄድና፣ መሐል ላይ ሳይታሰብ ድንች የሚያህል ነገር ብቅ ይላል። ጉልበት የሚባለው እሱ ነው። ጎረምሳ ሳለ ኪልት ለብሶ ጭፈራ ቤት ቢገባ አኮርዲዮን ተጫዋቹ ሙዚቃውን አቁሞ ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሀንትሊ ከተማ ሰው ሽመላ ይለዋል፤ መቃብር ቆፋሪውም፣ ቄሱም። በገዛ ሠርጉ እንኳ ሱሪ ለብሶ ነው የቆመው። ባለቤቱ ናን ያንን ፎቶ ለእንግዳ ስታሳይ "ይሄ የባንክ ገንዘብ ያዥ ያገባሁ ዕለት ነው" ትላለች።

ይህን ለልጁ መንገር ሞት ሆነበት። ስለዚህ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ በኮት አመካኘ። ከኪልት ጋር የሚለበስ ኮት አጭር መሆን አለበት፤ ፊቱም ክብ ሆኖ ተቆርጦ፣ ከወገብ ለሚንጠለጠለው የቆዳ ቦርሳ ቦታ መልቀቅ አለበት። ረጅም ኮት በኪልት ላይ የደረበ ወንድ፣ ቤቱ ተቃጥሎ የሚስቱን ጉርድ አጥልቆ የወጣ ነው የሚመስለው። "እኔ ደግሞ አጭር ኮት የለኝም፣ በኪራይ ልብስ የሌላ ሰው ላብ ለብሼ ልጄን አልድርም" አለ። ኢሽቤል ምንም ሳትቆጣ "ያለህን ኮት ይዘህ ልብስ ሰፊዋ ኤፊ ዘንድ ሂድ፣ ታሳጥርልሃለች" አለችው።

ኤፊ ታሎክ ከሥጋ ቤቱ ፎቅ ላይ የምትሰፋ፣ ስፒል በከንፈሯ ነክሳም ቢሆን ሰው ከመዝለፍ የማትቦዝን ሴት ናት። ኮቱን አሸተተችና ፊቷን አጨማደደች። መስኮቱ ዘንድ ወስዳ ገበሩን ገለበጠች፣ ስፌቱን በጥፍሯ ሞከረች። ዱጋልድ አይሆንም እስክትል ጠበቀ።

"ጨርቁ ካንተ በተሻለ ነው ያረጀው" አለችው። "ከታች እቆርጠዋለሁ፣ ኪሶቹን ወደ ላይ አወጣለሁ፣ ፊቱን አዞረዋለሁ። በል ኪልቱን ለብሰህ ውጣልኝ።"

የፈሩት ይደርሳል። ዱጋልድ መጋረጃው ጀርባ ገብቶ ኪልቱን ታጠቀ፤ ከእምብርት በላይ መታሰር ያለበትን ግን ቁልቁል ሳበና ዳሌው ላይ አሰረው። ጫፉ ወርዶ ረጅሙ ካልሲው ላይ ደረሰ፣ ጉልበቱም ተሸፈነ። እፎይ ብሎ ወጣ።

"ወደ ላይ አድርገው።"

"እኔ እንዲህ ነው የሚመቸኝ።"

"ዱጊ፣ ያልተሰቀለ መጋረጃ ነው የመሰልከው።"

እሱ ፍንክች አላለም። እሷም ሌላ ቃል ሳትጨምር ኮቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገች። ኤፊ ዝም ካለች ነገር አለ ብሎ መጠርጠር ነበረበት፤ እሱ ግን ያሸነፈ መስሎት እያፏጨ ወደ ቤቱ ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት ኮቱ መጣ። አምሮበታል። ዱጋልድ ኪልቱን ዳሌው ላይ አስሮ ኮቱን ቢደርብ፣ በኮቱና በኪልቱ መካከል ሸሚዝ የለበሰ ቦርጭ ወጥቶ ቁጭ አለ። ኮቱን ቁልቁል ቢስበው አልደርስ አለ። ኪልቱን ወደ ቦታው፣ ከእምብርት በላይ ቢያወጣው ልክክ አለ፤ ሁለቱ ድንቾችም አደባባይ ወጡ። ኤፊ የቆረጠችው ኪልቱ በታሰረበት ሳይሆን መታሰር በነበረበት ልክ ነው። ዱጋልድ እሷንም፣ ዘር ማንዘሯንም፣ መቀሷንም ረገመ።

የለቅሶ ሙሉ ልብሱ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። እሱን ቢለብስ ጉልበቱ ይተርፋል፤ ልጁ ብቻዋን ትገባለች። ሱሪውን ከተሰቀለበት አውርዶ አንድ እግሩን እንኳ አስገብቶ ነበር። ከዚያ የኢሽቤል ድምፅ ትዝ አለው። ብቻዬን እገባለሁ ስትል የቀበጠች መስሎት ነበር፤ አሁን ሲያስበው ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለምን እንደሆነ አልገባውም። ግን ሱሪውን ወርውሮ በኪልቱ ወጣ።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ነፋሱ ያላግጣል። ከአጥሩ በኩል መቃብር ቆፋሪው "ሽመላው ከነእግሩ መጣ" አለ፣ ሰዉም ሳቀ። ቄሱ እንኳ ሳቁን በመጽሐፍ ቅዱሱ ጋረደ። ዱጋልድ ጆሮው እስኪግል አፈረ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው እግሩ ይቀድም ነበር።

የሙሽራዋ መኪና ደረሰ። ቀሚሷን፣ ከሰፋችው ከኤፊ በቀር፣ እስካሁን ያየው ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ነጭ ጫማ ወጣ፣ ቀጥሎ እንደ መጥረጊያ እንጨት የቀጠነ እግር፣ ቀጥሎ ድንች። ቀሚሱ ከጉልበት በላይ ነው ያለቀው። ዱጋልድ የገዛ ጉልበቱን ከነጭ ዳንቴል ሥር አየው። ልጁ ካደገች ወዲህ ከሱሪ ሌላ ለብሳ አታውቅም፤ እሱም የዘመኑ ፋሽን ነው ብሎ አልፎት ነበር። ከአጥሩ በኩል የነበረው ሳቅ ጠፋ።

ኢሽቤል ክንዷን ሰጠችው።

"ትምህርት ቤት የሽመላው ጫጩት ይሉኝ ነበር፣ አባዬ" አለችው ቀስ ብላ። "አንተ ስትደብቀው እያየሁ እኔም ደበቅኩት። ዛሬ ይብቃኝ አልኩ፤ ብቻዬን ግን ፈራሁ።"

ዱጋልድ ኪልቱን ሌላ አንድ ጣት ያህል ወደ ላይ ሳበና አብረው ገቡ።